ሁለተኛው ዐይን

በሰፈራችን ሥዕል የሚመዘንበት ሚዛን አንድ ብቻ ነበር። የሳልሁትን ወረቀት የተቀበለኝ ሰው ከተሳለው ሰው ፊት አጠገብ አስጠግቶ፣ አንዴ ወረቀቱን አንዴ ሰውየውን እያየ ጥቂት ይቆይና «ቁርጥ እሱን!» ካለ ሥዕሉ አለፈ ማለት ነው። በጣም ደስ ያለው እንደሆነ ደግሞ «ነፍስ ብቻ ነው የቀረው» ብሎ ይጨምርበታል። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ በዚህች ሚዛን ላይ ወጥቼ የወደቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ለባዮሎጂ መምህራችን የልብን የውስጥ ክፍል በትልቅ ካርቶን ላይ የሳልሁት እኔ ነኝ፤ የሚኒ ሚዲያውን ሰሌዳ ያስጌጥሁትም እኔ ነኝ፤ ጓደኞቼ የሚወዷቸውን የእግር ኳስ ተጫዋቾች ከጋዜጣ እየገለበጥሁም በሻይና በፓስቲ ተከፍሎኛል። ስለዚህ ሥነ ጥበብን በዩኒቨርሲቲ ለመማር ስወስን የማላውቀውን ልማር ብዬ አልነበረም፤ የማውቀውን በወረቀት እንዲያረጋግጡልኝ ነበር የሄድሁት።

አባቴ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ሥዕል ደግሞ ትምህርት ይፈልጋል እንዴ? ትችል የለም ወይ?» አለኝ። ያን ጊዜ ንቀት መስሎኝ አኩርፌ ነበር። አሁን ሳስበው ግን አባቴ የጠየቀው እኔ ራሴ ልጠይቀው የሚገባኝን ነበር፤ ሥዕል መመሳሰል ብቻ ከሆነና መመሳሰሉን ከቻልሁበት፣ አራትና አምስት ዓመት ተቀምጬ የምማረው ምንድን ነው?

ወደ አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ለመግባት የተግባር ፈተና አለ። በዚያ ቀን ከፊታችን የተደረደሩት አንድ ጀበና፣ አንድ የጣውላ ሣጥንና ከኋላቸው የተንጠለጠለ ነጠላ ነበሩ። ጀበና በሕይወቴ ሳላይ የዋልሁበት ቀን ያለ አይመስለኝም፤ ነገር ግን አፉ ከላይ ሲያዩት ክብ፣ ከጎን ዝቅ ብለው ሲያዩት ሞላላ፣ ከዐይን ትክክል ሲሆን ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር እንደሚሆን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ጀበናውን ትቼ ወደ ነጠላው ዞርሁ። የጥለቱን መስመር አንድ በአንድ ቆጥሬ፣ እርሳሴን እየቀረጽሁ እያሾልሁ ሳልሁት። ጥለት ስቆጥር ሣጥኑ ወደ ጎን ተንጋድዶ መቅረቱን ያስተዋልሁት ወረቀቱ ሊሰበሰብ ሲል ነው። እንዴት እንዳለፍሁ እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ ምናልባት ለጥለቱ ትዕግሥት አዝነውልኝ ይሆናል።

ትምህርት ቤቱ በ1950 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። መሥራቹ አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ በቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ ያቋቋሙት ሲሆን፣ ቆይቶ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተቀላቅሎ አሁን በስማቸው ይጠራል። እሳቸው በ2008 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ የኅትመት ጥበብና ዲዛይን የየራሳቸው ክፍል አላቸው፤ ሁሉም ተማሪ ግን መጀመሪያ በአንድ ላይ መሠረቱን ይማራል። የእኔ ውድቀት የተጀመረው በዚሁ መሠረት ላይ ነው።

የድሮዊንግ መምህራችን አንድ ቀን ጠዋት በክፍሉ መካከል ባለ ሦስት እግር በርጩማ አቆሙና «በርጩማውን እንዳትስሉ» አሉን። የሰማነው ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ እርስ በርስ ተያየን። «የምትስሉት በእግሮቹ መካከል ያለውን ባዶ ነው» ብለው ወጡ። እኔ ከተቀመጥሁበት ሆኜ ሳየው በሁለቱ የፊት እግሮች መካከል ያለው ባዶ ከላይ ጠባብ፣ ከታች ሰፊ ነበር፤ ሦስተኛው እግር ከኋላ መጥቶ ከመሃሉ ትንሽ ወደ ቀኝ ይከፍለዋል፤ ማገሩ ደግሞ ግራውን ክፍል አቋርጦ ከላዩ ትንሽ ሦስት ማእዘን ያስቀራል። ያቺን ሦስት ማእዘን ለመሳል ብቻ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀሁ። ባዶ ስም የለውም፤ «የበርጩማ እግር» ብሎ አእምሮዬ የሚያቀብለኝ የተዘጋጀ ቅርጽ የለም፤ ስለዚህ የግድ ቀና እያልሁ ማየት ነበረብኝ። ባዶዎቹን ሁሉ በከሰል አጥቁሬ ስጨርስ በመካከላቸው ነጭ ሆኖ የቀረው በርጩማ ከዚያ በፊት ከሳልኋቸው ዕቃዎች ሁሉ የበለጠ መሬት ላይ የቆመ በርጩማ ነበር። መምህሩ ሲመለሱ ወረቀቴን አይተው «አንተ በርጩማ ታውቃለህ። ችግርህ እሱ ነው» አሉኝ።

እንዲህ ያለው ነገር በየሳምንቱ ይደርስብን ጀመር። ወረቀቱን ሳያዩ ሞዴሉን ብቻ እያዩ መሳል፣ በግራ እጅ መሳል፣ በአንድ ደቂቃ ስሎ መጣል። ከሰሉን የምናጠፋው በላጲስ ሳይሆን በለስላሳው የዳቦ ውስጥ ነበር፤ ላጲስ ከሰሉን ያድበሰብሰዋል፣ ዳቦ ግን ወረቀቱን ሳይጎዳ ያነሣዋል። በወር መጨረሻ ላይ ከዳቦው ግማሹ ወረቀት ላይ፣ ግማሹ ሆዳችን ውስጥ ይገባ እንደነበር ብናገር የሚታዘበኝ የክፍል ጓደኛ አይኖርም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያመመኝ ግን አንድ ቀላል ጥያቄ ነው። ከቤት የአንድ ዘመዴን ፎቶግራፍ አምጥቼ በከሰል በትልቁ ሠርቼው ነበር፤ ሰፈር ቢሆን ኖሮ «ቁርጥ እሱን» በተባለልኝ። መምህሩ ከፊቱ ቆመው ረጅም ጊዜ አዩትና «ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው?» አሉኝ። ሥዕሉን አየሁት። በፎቶግራፉ ላይ ብልጭታው ከፊት ለፊት ስለበራ ፊቱ ጠፍጣፋ ነበር፤ አፍንጫው ጥላ አልነበረውም፤ እኔም የሌለውን ጥላ በታማኝነት ሳልሠራው ቀርቻለሁ። «ከፎቶግራፉ» ብዬ መለስሁ። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ፤ እስክንመረቅ ድረስም ብርሃን በተነሣ ቁጥር «ከፎቶግራፉ» ይሉኝ ነበር።

የሥነ ጥበብ ታሪክ ትምህርት ስንጀምር «ቁርጥ እሱን» የምትለዋ ሚዛን ከየት እንደመጣች መጠየቅ ጀመርሁ፤ ምክንያቱም ከአያቶቻችን እንዳልወረስናት እየታየኝ መጣ። የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲስል መልኩን አይቶት አያውቅም፤ ሥዕሉ ፊት ቆሞ የሚሳለመው ምእመንም እንዲሁ። ሰዓሊውን የሚያስጨንቀው የተሳለው ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል የሚለው ነው፤ በነጩ ፈረስ፣ በጦሩ፣ ከፈረሱ ሥር በወደቀው ዘንዶ ይታወቃል። ከሁሉም በላይ ግን ዐይን አለ። በልማዱ ደጉ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ሙሉ ዐይን ይሳላል፤ ክፉው ደግሞ በጎኑ፣ በአንድ ዐይን። በጸሎተ ሐሙስ እራት ሥዕል ላይ ይሁዳን ለማግኘት ጽሑፍ ማንበብ አያስፈልግም፤ ባለ አንድ ዐይኑን መፈለግ ይበቃል። የዐድዋ ጦርነት ሥዕሎችም ይህንኑ ልማድ ይከተላሉ፤ የእኛ ወገን ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ ሲተኩስ ጣሊያኑ በጎኑ ይታያል። ተኳሽ የሚያየው ጠላቱን እንጂ ተመልካቹን እንዳልሆነ ሰዓሊው አጥቶት አይደለም። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ አንገቱን ወደ ጣሪያው ያቀና ሰው ከላይ የሚመለከቱት ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶች ዐይን ዐይኑን ሲያዩት ነገሩ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

ከዚያ ፎቶግራፍ መጣ። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የአርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰብ ለቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር፤ ቀስ በቀስም ፎቶ ቤቱ ወደየከተማው፣ ፎቶው ወደየሰው ግድግዳ ወረደ። ሰው ቁርጥ ራሱን በወረቀት ላይ ማየት ለመደ፤ ሥዕልንም በዚያው መለካት ጀመረ። ይህ የእኔ ግምት እንጂ ከመምህር የሰማሁት አይደለም፤ ነገር ግን አባቴ ሥዕልን የሚመዝንበትን ሚዛን የሠሩት ሰዓሊዎች ሳይሆኑ ፎቶ አንሺዎች መሆናቸውን ከጠረጠርሁ ቆይቻለሁ። ትምህርት ቤቱ ራሱም ከዚህ ክርክር ያመለጠ አልነበረም። ሰዓሊውና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምሮ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲመለስና ሰውንም ዕቃንም ለመምሰል የማይሞክሩ ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕሎቹን ሲያሳይ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» የሚል ተመልካች ጠብቆታል፤ እሱ ግን ሥዕሉንም ግጥሙንም ማስተማሩንም ቀጠለ። ሰዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ለጥቂት ዓመታት እዚሁ አስተምሮ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ብራናውንና የጠልሰሙን ዓለም ይዞ ነው የሄደው፤ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ካስተማረ በኋላ በ1995 ዓ.ም. እዚያው ዐረፈ። በደርግ ዘመን ደግሞ ብዙዎች ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ተልከው ጥብቅ የአካል ሥዕል ሥልጠና ይዘው ተመለሱ። አጥንቱና ጡንቻው በልኩ ካልገባ ዕንቅልፍ የማይወስዳቸው መምህራን የዚህ ዘመን ውርስ ናቸው፤ እኔ በበኩሌ ባለዕዳቸው ነኝ።

ስድስት ኪሎ በገብረ ክርስቶስ ስም የተሰየመው ማእከል ብዙ ከሰዓት በኋላዎችን አሳልፌአለሁ። መጀመሪያ ላይ ሥራዎቹ ፊት ቆሜ የምፈልገው ያንኑ በርጩማ ነበር፤ ይህ ዛፍ ይሆን፣ ያ ሰው ይሆን እያልሁ። አንድ ቀን ከኋላዬ የቆመች የክፍሌ ልጅ «ለምን ዝም ብለህ አታየውም?» አለችኝ። ዝም ብሎ ማየት ግን ከሁሉም የባሰ ከባድ ሥራ ነው።

ስለ ዕቃችን ጥቂት ካልተናገርሁ ትምህርቱን የተናገርሁት አይመስለኝም። ከውጭ የሚመጣው የተዘጋጀ ሸራ ለተማሪ ኪስ የሚቀመስ ስላልነበረ ሸራችንን የምንሠራው ራሳችን ነበርን። ከመርካቶ አቡጀዲ በሜትር እንገዛለን፤ ሞራሌ አስቆርጠን ፍሬሙን እንመታለን፤ አቡጀዲውን ከየጎኑ መካከል ጀምረን ወደ ማእዘኑ እየወጠርን እንቸነክራለን። ከዚያ ኮላና ነጭ ቀለም ለውሰን እንቀባለን፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን እንደገና እንቀባለን። በደንብ የተወጠረ አቡጀዲ በጣት ሲመቱት እንደ ከበሮ ይመልሳል፤ ያልተወጠረው ደግሞ እንደ ሰነፍ ተማሪ ዝም ይላል። የቅርጻ ቅርጽ ልጆች ምናለሽ ተራ ሄደው የተጣለ ብረት በኪሎ ተሸክመው ሲመጡ እኛ አኳራጅ አኳራጅ እየሸተትን ታክሲ ውስጥ ሰው ፊቱን ያዞርብናል። የዘይት ቀለም የሚለወሰው በተልባ ዘይት መሆኑን ለእናቴ የነገርኋት ቀን «ለጾም የምንጠጣውን?» ብላ ግማሽ ሣቅ ግማሽ ቁጣ አሳየችኝ። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየሩ ጋር እየተዋሐደ በቀናት፣ ወፈር ብሎ ከተቀባም በሳምንታት ነው የሚጠነክረው። ይህ ጠባዩ በኋላ ለምነግራችሁ ነገር ያስፈልጋል።

ሌላው ያስቸገረን ቋንቋ ነው። ሥራችንን ግድግዳ ላይ ደርድረን የምንነጋገርበትን ሰዓት «ክሪቲክ» እንለዋለን፤ «ግምገማ» እንዳንለው ቃሉ በአገራችን ሌላ ታሪክ አለው። በዚያ ሰዓት ከአንደበታችን የሚወጣው «ቶኑ»፣ «ቫልዩው»፣ «ኮምፖዚሽኑ» ብቻ ነበር። በሰፈር ቋንቋ እንዳንናገር የምናውቀው ውዳሴ «ቁርጥ እሱን» ብቻ፣ በመጽሐፍ ቋንቋ እንዳንናገር ቃሉን እንጂ ነገሩን ገና አልጨበጥነውም። ስለዚህ ብዙዎቻችን ዝም እንል ነበር፤ ዝምታችንንም ጥልቀት የሚያስመስል አቋቋም ተምረን ነበር፤ እጅ ማጣመር፣ ዐይን ማጥበብ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማፈግፈግ።

በመጨረሻው ዓመት መግቢያ ላይ ጎረቤታችን እትዬ አንድ ፎቶግራፍ በነጠላ ጠቅልለው መጡ። ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነበር። ከአንድ ሠርግ ላይ የተነሣ የቡድን ፎቶ ነው፤ ሰውየው ከኋላ ረድፍ ቆመው በቀኝ በኩል ወዳለ ሰው ፊታቸውን አዙረው ይሥቃሉ። መታወቂያቸው ላይ የነበረው ፎቶ ከመታወቂያው ጋር ጠፍቷል፤ ሌላ የለም። «ትምህርቱን ጨረስህ አሉ፤ እስቲ ሥራልኝ» አሉኝ። አልጨረስሁም ማለት ፈልጌ ነበር፤ ዝም አልሁ።

በሁለት ቀን ውስጥ በከሰል ሠርቼ ወሰድሁላቸው። በጎን፣ ልክ እንደ ፎቶው፣ የጆሮው እጥፋት ሳይቀር። እትዬ ወረቀቱን ከመስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አዩት። የጠበቅሁት ቃል አልመጣም።

«ልጄ፣ እሱ እኮ ደግ ሰው ነበር» አሉኝ።

«አዎ እትዬ፣ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው ባንድ ዐይን አደረግህብኝ? ወደኔ አዙርልኝ እንጂ።»

ያንን ሁሉ የሥነ ጥበብ ታሪክ አንብቤ፣ ስለ ይሁዳና ስለ ጣሊያን ወታደሮች የጎን ፊት ጽሑፍ ጽፌ ነጥብ አግኝቼበታለሁ፤ ጥያቄው ግን ከሰው አፍ ወጥቶ ይጠብቀኛል ብዬ አላሰብሁም ነበር። ፎቶው ላይ ግራ ዐይን የለም። ከዚያ ፊት ላይ የማየው አፍንጫ፣ ጉንጭ፣ አንድ ቅንድብና አንድ ዐይን ነው፤ የቀረውን ግማሽ ዓለም የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

በማግስቱ ሰሌዳዬንና ከሰሌን ይዤ እቤታቸው ሄድሁ። እሳቸው ቡና እየቆሉ ይነግሩኛል፣ እኔ እስላለሁ። የግራው ቅንድብ በልጅነታቸው በገና ዱላ ተፈንክቶ መሃሉ ላይ ጠጉር አላበቀለም። ሲሥቁ ይኸኛው ዐይን ቀድሞ ይጨፈናል። ሲቆጡ ደግሞ ቀድሞ የሚከፈተው እሱ ነው። የመጀመሪያውን ሳሳያቸው «ይኼ የሌላ ሰው ነው» አሉ። ሁለተኛውን «እዚህ ጋ ጨለማ አበዛህበት፤ ጉድጓድ አይደለም እኮ፣ ዐይን ነው» ብለው በጣታቸው አሳዩኝ፤ ጣታቸው ከቅንድቡ ሥር በትክክል ያረፈው መምህሬ ቢኖሩ የሚያርፉበት ቦታ ላይ ነበር። ሌላኛውን «መስመሩ ቸኩሏል» አሉት። አንዱን ደግሞ «አሁን አየኝ፤ ግን ገና አላወቀኝም» ብለው መለሱልኝ። አራት ዓመት ሙሉ በክሪቲክ ሰዓት ያጣነው አማርኛ ከምጣዱ አጠገብ እንዲህ ተዘርግፎ ነበር፤ ቶንም ቫልዩም ሳይባል። የሰማሁትን እየጻፍሁ ለጓደኞቼ እወስድላቸው ጀመር፤ «መስመሩ ቸኩሏል» የምትለዋ በክፍላችን ሥር ሰዳ መምህሩም ይጠቀሙባት ነበር።

በሰባተኛው ከሰል ላይ እትዬ ምንም አላሉም። ሲኒያቸውን አስቀምጠው ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው ወሰዱ። እኔም ሰሌዳዬን አጥፌ ወጣሁ።

በዘይት ቀለም ስሠራው ዐይኑን በመጨረሻ ነው የነካሁት፤ ያችን ባዶ የቅንድብ ቦታ ደግሞ እንደ በርጩማው እግር ዙሪያዋን እየሳልሁ ተውኋት። ከዚያ የተልባው ዘመን መጣ። እትዬ በየቀኑ በር ላይ እየጠበቁ «ደረቀ?» ይሉኛል፤ እኔም «ገና ነው እትዬ» እላለሁ። አንድ ቀን አላስችል ብሏቸው ኮቱን በጣታቸው ነክተው አሻራቸው ቀርቶበታል። ላስተካክለው ብዬ ነበር፤ እምቢ አሉ።

የመመረቂያ ኤግዚቢሽኑ ሲደርስ ሥዕሉን ለሁለት ሳምንት እንዲያውሱኝ ለመንኋቸው። «ከቤት አይወጣም» አሉ። «ማታ ማታ ብቻዬን ልታደርገኝ ነው?» ምንም ብል፣ እናቴን አማላጅ ብልክም አልሆነም። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የሰቀልሁት ያልተሳኩትን ስድስቱን ከሰሎች ከእነ ስሕተታቸው ነው፤ በየሥራቸው እትዬ ያሉትን ቃል ጻፍሁበት፤ ሰባተኛው የሚሰቀልበትን ቦታ ባዶ ተውሁት። ስለ ባዶው ብዙ ተጠየቅሁ፤ «ባለቤቱ እቤት ነው» ከማለት በቀር የምለው አልነበረኝም።

በመክፈቻው ቀን እትዬ ከእናቴ ጋር አዲስ ነጠላ ለብሰው መጡ። ሰው ሁሉ እጁን አጣምሮ፣ ዐይኑን አጥብቦ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ እሳቸው እያንዳንዱ ከሰል ላይ አፍንጫቸው ሊነካ እስኪደርስ ተጠግተው አዩ። አራተኛው ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። እጄን ጎትተው አስጠጉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይኼን ለምን ጣልኸው? ይኼኮ የታናሽ ወንድሙ ዐይን ነው። እሱም ሞቷል፤ ፎቶም የለው» አሉኝ።